ጥቁሩ ቲማቲም አልበሰበሰም

ቲማቲሙ አልተበላሸም። በሽታ አልነካውም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ተረስቶ አልከረመም። መልኩ ነው። ወደ ቡኒ ያደላ ወይን ጠጅ፣ ትከሻው ላይ አረንጓዴ የቀረበት፣ ሲቆረጥ ውስጡ ጠቆር ያለ። ይህንን በየዓመቱ ለእንግዳ ማስረዳት አንገፍግፎኛል። ሹካቸውን አየር ላይ አቁመው «ይቅርታ፣ ይሄ ነገር ደኅና ነው?» የሚሉኝ ሰዎች ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ ምን ሲሉ ነበር? «የዚህ አገር ቲማቲም እኮ ጣዕም የለውም። ውሃ ነው። ፕላስቲክ ነው።»

ታዲያ ጣዕም ያለው ሲቀርብላችሁ ምን ሆናችሁ?

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ ጓሮ ያለው ሀበሻ ሁሉ ይተክላል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም። ለጎመን ዘር ሲሆን ስልክ ይደወላል፣ አክስት ትጠየቃለች፣ «የአገር ቤቱ ነው ወይ?» ተብሎ ይመረመራል። ቲማቲም ላይ ሲደረስ ግን ምርመራው ሁሉ ይቆማል። መደብር ደጃፍ ከተደረደረው ችግኝ ውስጥ ሥዕሉ ላይ ክብ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ ያለበት ይነሳል። በቃ። ነሐሴ ላይ ሰውየው ጓሮው ውስጥ ያንኑ የሱፐርማርኬት ቲማቲም በገዛ ላቡ አምርቶ ያገኘዋል። ከዚያ ምን ይላል? «አፈሩ ነው።» የአብዬን ወደ እምዬ! አፈሩ ምን በደለ? ያንን ቀይ ኳስ የመረጥከው አንተ አይደለህም?

ይህ ደግሞ የእኔ ነቆራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 አን ፓውል የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣችው ጥናት ጉዳዩን ፍርጥ አድርጎታል። ቲማቲም ዱሮ ሳይበስል ትከሻው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነበር። ያ አረንጓዴ ጌጥ አይደለም፤ ፍሬው ራሱ ከፀሐይ ስኳር የሚሠራበት ቦታ ነው። ዘር አዳቃዮች ግን ለአሥርት ዓመታት ፍሬው ከላይ እስከ ታች እኩል ፈዘዝ ብሎ እኩል እንዲቀላ የሚያደርገውን የዘር ለውጥ እየመረጡ ሄዱ። ለቃሚው መቼ እንደሚለቅም በቀላሉ ያውቃል፤ ገዢው ደግሞ መልኩ ያምርለታል። ችግሩ ያ ለውጥ የአረንጓዴውን ሥራ የሚመራ አንድ ጂን የሰበረ መሆኑ ነው። ጂኑ ሲሰበር ስኳሩም ቀነሰ። መልክ ተገዛ፣ ጣዕም ተከፈለ።

ነጋዴው ጣዕምን ሲሠዋ ምክንያት አለው። ከመቂና ከዝዋይ ቲማቲም በሳጥን አጭቆ አዲስ አበባ የሚያስገባ ሰው ወፍራም ቆዳና ድንጋይ የመሰለ ሥጋ ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ በመንገድ ፈርጦ ቢደርስ ኪሳራው የእሱ ነው። ከፍሎሪዳ በከባድ መኪና የሚጭነውም እንደዚያው። አንተስ? ከጓሮህ እስከ ወጥ ቤትህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? የትኛው አስፋልት ነው ቲማቲምህን የሚያንገጫግጨው? ለምንድን ነው የጫኝ አውራጅን ችግር ተበድረህ ጓሮህ ውስጥ የምትተክለው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ወደ ጥቁሮቹ ልምጣ። መጀመሪያ ምንነታቸውን እንወቅ፣ ምክንያቱም ፍርሃቱ ሁሉ የሚመጣው ካለማወቅ ነው። ተራ ቲማቲም ሲበስል አረንጓዴው ክሎሮፊል ይጠፋና ቀዩ ላይኮፒን ብቻውን ይቀራል። እነዚህኞቹ ላይ ግን ክሎሮፊሉ አይጠፋም። ቀይና አረንጓዴ ተደራርበው ቡኒ ይሆናሉ። ላዩ ላይ ያለው ስስ ቆዳ ቀለም የለሽ ከሆነ ወይን ጠጅ ይመስላል፤ ቢጫ ከሆነ ቸኮሌት። ቸሮኪ ፐርፕልና ቸሮኪ ቾኮሌት የሚባሉት ሁለቱ ዝርያዎች የሚለዩት በዚያች ቆዳ ነው። አለቀ። አስማት የለበትም፣ መርዝ የለበትም፣ ቀለም አልተነከረም።

«ጂኤምኦ ነው!» ይላል ደግሞ አንዱ፣ ከሱፐርማርኬት ያመጣውን ቀይ እየገመጠ። ወንድሜ፣ ቸሮኪ ፐርፕል የአያትህን ዕድሜ ሊያክል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ጆን ግሪን የሚባል የቴነሲ ሰው ኖርዝ ካሮላይና ለሚኖረው የጓሮ አትክልተኛ ክሬግ ለሁሊየር ጥቂት ዘር በፖስታ ላከለት፤ ዘሩ ከአሜሪካ ነባሮቹ ከቸሮኪ ሕዝብ እጅ የመጣ የቆየ ዘር እንደሆነ ጽፎ። ለሁሊየር ተከለው፣ ቀመሰው፣ ስም አወጣለት፣ እዚሁ ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ላለ አንድ ትንሽ የዘር ድርጅት ላከው። የድርጅቱ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? ጣዕሙን ወዶታል፤ ግን እግር ላይ የበለዘ ቦታ የሚመስል ቲማቲም ሰው ይገዛ ይሆን ብሎ ሰጋ። ዘር መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው እንኳ ምላሱ እያወቀ ዓይናችሁን ፈራ! ደግነቱ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ካታሎጉ ውስጥ አስገባው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከጓሮ ቲማቲሞች ሁሉ ስሙ ከሚነሳው አንዱ ነው።

በጂን ምሕንድስና የተሠራ ወይን ጠጅ ቲማቲም የለም አላልኩም። አለ። ካቲ ማርቲን የምትመራው የእንግሊዝ የምርምር ቡድን ስናፕድራገን ከሚባል አበባ ሁለት ጂኖች ወስዶ ሠርቶታል፤ ውጤቱን በ2008 አሳተመ፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ2022 ፈቀደለት፣ በ2024 ዘሩ ለጓሮ አትክልተኛ ለሽያጭ ቀረበ። አሥር ፍሬ ዘር በ20 ዶላር። ምን እንደሆነ በግልጽ ተነግሮ ነው የሚሸጠው። ፈልጎ የሚገዛው ይግዛው። እናንተ ግን የቱ የቱ እንደሆነ ሳትጠይቁ ጥቁር ያያችሁትን ሁሉ በአንድ ከረጢት ጠቀለላችሁት። ከዚያስ? ያው ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ ኩማቶ የሚል የተለጠፈበትን ቡኒ ቲማቲም ከፍ ባለ ዋጋ ይገዛል። ያ የኩባንያ ንግድ ምልክት ያለበት፣ ዘሩ ለተራ ሰው የማይሸጥ ቲማቲም ነው። ማሸጊያ ውስጥ ሲገባ ዘመናዊ፣ ከእኔ ጓሮ ሲመጣ የበሰበሰ!

ይህ በሽታ እኮ አዲሳችን አይደለም። ነጭ ጤፍ ምን አደረግነው? እንጀራው ይንጣልን ብለን ለማኛ ዋጋ ጨመርን፤ ጥቁሩን ጤፍ «የድሃ» አልነው፤ እንግዳ ሲመጣ ደበቅነው። አሁን ፈረንጅ «ይሄ ጥሩ እህል ነው» ሲል ሰማንና እዚህ ጥቁር ጤፍ በፓኬት እየፈለግን ነው። ቲማቲሙም እንደዚያ ፈረንጅ እስኪመርቅልን ይጠብቅ?

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያላችሁ አትሳቁ። ወደ እናንተ እየመጣሁ ነው። ጥቁር ቲማቲም በመትከላችሁ የኮራችሁ፣ ፎቶውን ለዘመድ ሁሉ የበተናችሁ፣ «ካንሰር ይከላከላል» እያላችሁ የምትሰብኩ። እናንተም በዓይናችሁ ነው የምትበሉት! ጭራሽ እናንተ ትብሳላችሁ፤ እነዚያ ስለፈሩ አልተከሉም፣ እናንተ ግን ተክላችሁም አልቀመሳችሁም።

ያ የካንሰር ወሬ ከየት መጣ? ከዚያው ከ2008ቱ ጥናት። ለካንሰር የተጋለጡ አይጦች ያንን በጂን የተሠራውን ቲማቲም ዱቄት ሲመገቡ ዕድሜያቸው ረዘመ። አይጦች። ያንን ቲማቲም። በውስጡ የነበረው ቀለም አንቶሳያኒን ነው። ቸሮኪ ፐርፕልና ብላክ ክሪም የሚባለው ሌላው ጥቁር ዝርያ የሚጠቁሩት ግን በክሎሮፊል እንደሆነ ነገርኳችሁ። እነሱ ውስጥ የአይጦቹን መድኃኒት መፈለግ ላም ካልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በቲማቲም ስም ለታመመ ሰው የሐሰት ተስፋ መሸጥስ? «ሐኪሙን ተዪው፣ ይሄን ብዪ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይህ ነውር ነው።

በተለመደው ማዳቀል የመጣ አንቶሳያኒን ያለው ዝርያም አለ፦ ኢንዲጎ ሮዝ። የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲው ጂም ማየርስ ቲማቲምን ከደቡብ አሜሪካ የዱር ዘመዶቹ ጋር አዳቅሎ በ2012 ያወጣው ነው። መልኩን አልክድም፣ እውነተኛ ጥቁር ማለት እሱ ነው። ቅጠል የጋረደው ቦታ ግን አይጠቁርም፤ ቀለሙ ፀሐይ የነካው ቆዳ ላይ ብቻ ነው፤ ሥጋው ያው ቀይ ነው። ጣዕሙስ? በእኔ ምላስ ምንም። ሆምጣጣ ውሃ። ከጥቁሮቹ ሁሉ ጥቁሩን መርጣችሁ ከሁሉ የማይጥመውን ተከላችሁ ማለት ነው። ዓይናችሁ በቀይ ስታታልላችሁ ኖረች፣ አሁን በጥቁር አታለለቻችሁ።

እንግዲያው ምን እንትከል? ለአንድ ሰው አንድ ችግኝ ብቻ ከተፈቀደ ቸሮኪ ፐርፕል። ጣፋጭነቱና ኮምጣጣነቱ ተመጣጥኖ፣ ከኋላ ጭስ ጭስ የሚል ነገር አለው። ለጀማሪና ለሰነፍ ብላክ ቼሪ፤ ፍሬው ትንንሽ ነው፣ ሲያፈራ አይታክትም፣ ልጆች ቆመው ይጨርሱታል። ብላክ ክሪም ከክሪሚያ የመጣ ነው፤ ጨው ጨው የሚል ጣዕሙን የሚስተካከል አላገኘሁም፤ ግን ድርቅ አሳይታችሁት ድንገት ዝናብ ከመታው ይሰነጠቃል። የሜሪላንድን የሐምሌ ነጎድጓድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ውሃውን እኩል ስጡት፣ ከሥሩ ጭድ ጎዝጉዙለት፣ ከተሰነጠቀም ቆርጣችሁ ብሉት። ፖል ሮብሰን ደግሞ ሩስያውያን በጥቁር አሜሪካዊው ዘፋኝ ስም የሰየሙት ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በ1950 ፓስፖርቱን ነጥቆ እስከ 1958 አገር ውስጥ ያሰረው ሰው። (ለእሱ ስል ብቻ እንኳ በየዓመቱ አንድ እግር እተክላለሁ። ደግሞም ይጥማል።)

በሽታ አይችሉም ትላላችሁ። እውነት ነው። አብዛኞቹ አሮጌ ዘር ናቸው፤ እንደ አዲሶቹ ዲቃላዎች በሽታን እንዲቋቋሙ ተብለው አልተሠሩም፤ በዚህ እርጥበት ቅጠላቸው ከታች ጀምሮ እየተነቆጠ ቢጫ ይሆናል። የታችኛውን ቅጠል ቁረጡ፣ አራርቃችሁ ትከሉ፣ ውሃ ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍስሱ። ለሣር ማጨጃና ለማዳበሪያ በየሳምንቱ ቅዳሜን የሚሠዋ ሰው ሦስት ቅጠል መቁረጥ ከበደኝ ሲለኝ አልሰማውም።

ትልቁ ጥፋት ግን ለቀማው ላይ ነው። ሰው ቆሞ ቀይ እስኪሆን ይጠብቃል! አይቀላም። ትከሻው አረንጓዴ እንደሆነ የፍሬው ታች ሲለሰልስ፣ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት እሺ ሲል፣ በስሏል። ይህን የማያውቅ እስኪቀላ ጠብቆ አበስብሶ «አላልኳችሁም?» ይላል። ሌላው ደግሞ በጊዜ ለቅሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይከተዋል። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እንዳሳዩት ብርዱ መዓዛውን የሚሠሩትን ጂኖች ያዳክማል፣ ወደ ሙቀት ቢመለስም መዓዛው እንደነበረ አይመለስም። አራት ወር ለፍቶ ያፈራውን በአንድ ሳምንት ብርድ የሚገድል ሰው ስለ ጣዕም ምን አፍ አለው?

ብዙዎቻችሁ በልባችሁ ከእኔ ጋር እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ማንም አላየኝም ብላችሁ ሁለተኛ ስትጨምሩ አይቻችኋለሁ። ደብቃችሁ የምትተክሉም አላችሁ። አንዷ ወዳጄ ለእንግዳ ስታቀርብ ቲማቲም ፍትፍት ውስጥ አድቅቃ፣ በቃሪያና በሽንኩርት ሸፍና፣ መልኩ እስኪጠፋ ለውሳ ነው። ሰው «እንዴት ይጥማል!» ሲላት ዝም ትላለች። ለምን ዝም ትያለሽ እህቴ? ማንን ፈርተሽ? በሰኔ ፀሐይ ጎንበስ ብለሽ የኮተኮትሽው አንቺ፣ ምስጋናው ማንነቱ ለማይታወቅ ቲማቲም?

ወፍራም ወፍራሙን ቁረጡት። ጨው ብቻ። ቃሪያም አያስፈልገውም። ሰሃን መሃል፣ አረንጓዴ ትከሻው እንዲታይ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የማይበላ አይብላ፤ ለእኔ ይተርፈኛል።