ጎልማሳ ሰው በኢንተርኔት ሲማር

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ስለ ልጆች ጥናት ጽፈን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ አባቶችና ስለ እናቶች ትምህርት ጥቂት ልንናገር አሰብን፤ የሒሳብ አያያዝም ሆነ የውጭ አገር ቋንቋ፥ የሕግም ዕውቀት ቢሆን በኢንተርኔት ስለሚሰጥ፥ ራቱን ከበላ በኋላ ስልኩን ከፍቶ የሚማር የቤት ጌታ በርክቷልና።

ዳሩ ግን የሚጀምረው ብዙ፥ የሚጨርሰው ጥቂት ነው። በአሜሪካ አገር ሐርቫርድና ኤም አይ ቲ የሚባሉት ታላላቅ ትምህርት ቤቶች፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2012 ኤድኤክስ የሚባለውን የኢንተርኔት ትምህርት አቋቋሙ። በ2019 የታተመ ምርመራ እንደ ገለጠው፥ በ2017 እና በ2018 ከነበሩት ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን የፈጸሙት ከመቶ 3 ያህል ብቻ ናቸው፤ ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ከከፈሉት ግን ከመቶ 46 ያህሉ ፈጽመዋል። በእርግጥ ለማየት ያህል ብቻ የተመዘገበም አይጠፋም። ቢሆንም ጎልማሳን ሰነፍ ነው ብሎ መፍረድ ትክክል አይመስለንም፤ ቀን ሙሉ መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው፥ ማታ ደግሞ ለመማር መቀመጡ ብቻውን ይመሰክርለታልና።

ጥፋቱ በአብዛኛው ከአሰጣጡ ነው። መምህሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ይናገራል፤ ተማሪው ዝም ብሎ ያያል። በ2014 የወጣ ሌላ ምርመራ፥ የኤድኤክስ ቪዲዮ 6.9 ሚሊዮን ጊዜ የታየበትን መዝገብ መርምሮ፥ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም በእኩሌታው ጊዜ ተመልካቹ ከ6 ደቂቃ እንዳላለፈ አግኝቷል። ስለዚህ ረጅሙን ንግግር አሳጥሮ በየመካከሉ ጥያቄ ማግባት ይገባል። ጥያቄውም «ገባህ ወይ?» የሚል አይሁን፤ ለዚህማ ጎልማሳ ሁሉ «አዎን» ነው የሚለው፥ ማፈርን ይፈራልና።

በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይውልም፤ እርሱም የራሱን ቆጥሮ ይነግራል፥ መምህሩም በዚያው ያርምለታል። በኢንተርኔት የሚያስተምረውም ይህንኑ ቢከተል መልካም ነበር። ሒሳብ የሚማረው ነጋዴ የማያውቀውን የባዕድ አገር ኩባንያ ሒሳብ ከሚሠራ፥ የራሱን ሱቅ የሳምንት ገቢና ወጪ ጽፎ ያቅርብ፤ ደብዳቤ አጻጻፍ የሚማረውም ጸሐፊ በማግሥቱ ከጽሕፈት ቤቱ የሚወጣውን ደብዳቤ ያርቅቅ። እርማቱ ግን ቶሎ ይመለስለት፤ ተማሪው የጻፈውን ከረሳ በኋላ የሚመጣ እርማት ምን ይረባዋል?

ደግሞም አምስት ወይም ስድስት ሰዎች አንድ ማታ ቀጥረው በቴሌግራም ቢገናኙ፥ የቀረውን «ምነው ቀረህ?» የሚል ይገኛል። ብቻ አለቃውንና ምንዝሩን በአንድ ጉባኤ አያግቧቸው፤ አለቃው እንዳይሳሳት፥ ምንዝሩም አለቃውን እንዳይበልጥ ሲጠነቀቁ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

የቤቱም ሰው ለተማሪው አንድ ሰዓት ይልቀቅለት። ተማሪዋ እመቤቲቱ ስትሆን ነገሩ ይከብዳል፤ ምጣዱም ልጁም እርስዋን ይጠብቃልና። እንግዲህ ባልዮው በሳምንት ሁለት ማታ ልጆቹን ማስተኛት ይልመድ፤ ይህ ከክብሩ አንዳች አይቀንስበትም። መምህሩም ትምህርቱን ወደ ስልክዋ አውርዳ በኋላ የምትሰማው አድርጎ ያዘጋጅላት፤ መብራት ጠፍቶባት ሁለት ሦስት ቀን የዘገየች እንደ ሆነም ከመዝገቡ አይሰርዛት።