ገበሬውም የፖለቲካ ሐሳብ አለው

የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። አይፈረድብንም። የዘርፉ አውራ የሆኑት ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሁለት ትልልቅ ሥራዎቻቸውን የሰጡት ለተማረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ እነ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን፣ በ2014 በወጣው ደግሞ የተማሪዎችን ንቅናቄ መርምረዋል።

ታዲያ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ የፖለቲካ ሐሳብ የለውም ማለት ነው? እኔ አለው ባይ ነኝ። ለምስክርነት ሞጣና ቢቸናን እጠራለሁ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ግን የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አልገብርም ብሎ ሸፈተ። ገበሬው የፈራው ግብሩን ብቻ አልነበረም፤ ዛሬ መሬቴን የለካ ነገ ርስቴን ይነጥቀኛል ብሎ ነው። በአገረ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደርም ተማሮ ነበር። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከበት፤ በመጨረሻ ግን ገዢውን አነሣ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ።

ልብ በሉ፤ ተማሪውም ገበሬውም ያነሡት የመሬትን ጉዳይ ነው። ተማሪው በዓይነ ኅሊናው ያየው መሬት የሌለውን ጭሰኛ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን አብዛኛው ከአያት ቅድመ አያቱ የወረደ ርስት ነበረው። የአንዱ ጥያቄ «መሬት ለማን ይሰጥ?» ሲሆን የሌላው «መንግሥት በርስቴ ላይ እስከ የት ድረስ ያዛል?» የሚል ነው። ይህ የፖለቲካ ሐሳብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ገበሬውን ያነሣሡት የአካባቢው ባላባቶች ናቸው የሚል ይኖራል። ይሁን እንጂ ገበሬው ከሰማው ውስጥ የትኛውን አምኖ እንደተነሣ መጠየቅ የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ዓመፁን በሰፊው አጥንተውታል፤ መነሻ አለን ማለት ነው።

ዘዴውም አለ። ፕሮፌሰር ባሕሩ የቀድሞ የንቅናቄውን ተሳታፊዎች ሰብስበው አወያይተው፣ የተናገሩትን እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሐፍ አውጥተዋል። የገበሬውንስ ማን ይቅዳለት? በ1960 ዓ.ም የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያ ሊደፍን ነው። ስለዚህ የትምህርት ክፍላችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያድል በየዓመቱ ቢያንስ ሁለቱን ለሞጣና ለቢቸና ሽማግሎች ቢሰጥ መልካም ነው። እኛም መቅረጫችንን ይዘን ቶሎ እንውረድ፤ ቀኑ እየመሸ ነው።