እንትር ለመምታት ቀመር?

«ኮድ ብዙም ሳትጽፉ አፕ ሥሩ» ይሉናል። እሺ፣ እንሥራ። በፓወር አፕስ «ጥቅምት 12»ን እና «4 ሰዓት»ን ዝም ብለን ብናያይዝ ግን «ጥቅምት 124 ሰዓት» ይወጣል። ቀጠሮ ነው እንግዲህ!

ወደ አዲስ መስመር ለመውረድ በመሃል ቻር(10) የሚል ቀመር ይገባል። 10 ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የአስኪ ሰንጠረዥ የመስመር መውረጃው ቁጥር። ጽሑፉ ወደ ኤችቲኤምኤል ማሳያ ሲገባ ደግሞ 10ም አይሠራም፤ እዚያ «ቢአር» የሚባል ምልክት ይፈለጋል። ታዲያ ኮድ ማስቀረቱ ምኑ ላይ ነው?

የብራና ጸሐፊዎች እንኳ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለዩ ነበር። እኛ ሁለት ነጥቡን ትተናል፤ የክሊኒክ ቀጠሮ በስልክ የሚደርሳቸው እማማ የቀራቸው መስመሩ ነው። እንደ ቀለም ምርጫው በአንድ ቁልፍ ይምጣልን፤ ቁጥሩን እነሱ ይያዙት።