የብርታት እንክብልና የልብ ሕመምተኞች

ባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻችን በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወርዱ፥ ለወላጆቻቸው ከሚያመጡት ስጦታ መካከል አንዳንድ ጊዜ ኮኢንዛይም ኪው 10 የሚባል እንክብል ይገኛል። ብርታት ይሰጣል ስለሚባል፥ ነገሩን ቤተ ሰብ ሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

የሰው ገላ የተሠራው ሐኪሞች ሴል ከሚሏቸው፥ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። በሴሉም ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ፥ እንደ ምድጃ ያሉ ነገሮች አሉ። የበላነው ምግብ በእነዚህ ምድጃዎች ካልነደደ ብርቱ ኀይል አይሆንም፤ ኪው 10 የዚህ ሥራ ረዳት ነው። በ1957 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ፍሬድሪክ ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ከበሬ ልብ ለይቶ አወጣው። ገላችን ራሱ ይሠራዋል፤ ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከለውዝና ከሰሊጥም ጥቂት ይገኛል።

ጥቅሙ በይበልጥ የተመረመረው ልባቸው በደከመ ሰዎች ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር በታተመ ምርመራ 420 ሕመምተኞች ሁለት ዓመት ተጠበቁ። የተለመደው መድኃኒታቸው ሳይቋረጥ፥ አንደኛው ወገን በቀን 300 ሚሊ ግራም ኪው 10፥ ሁለተኛው ወገን መድኃኒት የሌለበት አምሳያውን ወሰደ። ከባድ የልብ አደጋ የደረሰባቸው ከፊተኛው ወገን ከመቶ 15፥ ከኋለኛው ከመቶ 26 ሆኑ። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ጤነኛውን ሰው ከድካም ያሳርፈዋል ለማለት በቂ ማስረጃ የለም።

ዋናው ነገር ይህ ነው። በአገራችን በልጅነት በደንብ ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣ የልብ በሽታ ብዙ ነው። ከታማሚዎቹም ደም እንዳይረጋባቸው ዋርፋሪን የሚባል መድኃኒት የሚወስዱ አሉ። ኪው 10 ደምን ለማርጋት የሚያግዘውን ቪታሚን ኬን በአሠራሩ ስለሚመስል፥ የዋርፋሪንን ኀይል ሊያደክም ይችላል። የረጋ ደም ወደ አንጎል ቢሄድ ደግሞ ሰውን ሽባ ያደርጋል፤ ይገድላልም። እንግዲህ ለእናት በፍቅር የመጣው ስጦታ ሳይጠየቅ ቢዋጥ ጕዳት ሊሆን ነው።

ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንክብሉን አይጀምር፤ ሐኪሙ ቢፈቅድለትም ደሙን በየጊዜው ያስመርምር። የታዘዘለትንም መድኃኒት በዚህ አይለውጥ። ድካም የበዛበትም ሰው ብልቃጥ ከመክፈቱ በፊት ይታይ፤ ድካም የደም ማነስ፥ የሳንባ ነቀርሳ፥ የስኳር በሽታ ወይም የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና። ለአዘዞ ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ወደዚያ የሚሄድም ሁሉ የሚውጠውን እንክብል ከነብልቃጡ ይዞ ለሐኪሙ ያሳይ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏልና፥ መድኃኒቱንም መደበቅ አይገባም።