የሞተር መርጫ ሲገዛ ዘይቱም አብሮ ይገዛ

በጀርባ የሚታዘለው የሞተር መርጫ በአገራችን የጥጥንና የአትክልትን ተባይ ለመከላከል ሲያገለግል ብዙ ዘመን ሆኖታል። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በተዛመተ ጊዜም ከመኪናና ከአውሮፕላን ርጭት ጎን ተሰልፎ ሠርቷል። እንደሚታወቀው፣ ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ በምድር ላይ የሚቆየው በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ቀን ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ በርሮ ይሄዳል። እንግዲህ መርጫው በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጋራዥ ከተኛ፣ በኋላ የቱንም ያህል በደንብ ቢጠገን ለዚያ ዓመት ሰብል የሚፈይደው ነገር የለም።

ሥራ አቁመው ከመጡልንና ከፍተን ካየናቸው መርጫዎች መካከል በእርጅና የሞቱት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙትን የገደላቸው ዘይት ነው፤ ወይ ጨርሶ አልተጨመረም፣ ወይ ያለ መጠን ተጨምሯል፣ ወይም ለሌላ ሞተር የተሠራ ዘይት ነው። ይህን ስንል ጥፋቱን በመርጫው ተሸካሚ ላይ ለመጫን አይደለም። በእኛ አስተያየት ተጠያቂው መሣሪያውን ገዝቶ ያለ ዘይቱና ያለ መለኪያው የሚያስረክበው ወገን ነው።

ነገሩን ለመረዳት የሞተሩን አሠራር ማወቅ ያሻል። የመኪና ሞተር ባለ አራት ምት ነው፤ ዘይቱ ከታች በጋኑ ተቀምጦ እየተሽከረከረ ያለሰልሳል፣ ጊዜው ሲደርስም ይቀየራል። የመርጫው ሞተር ግን ባለ ሁለት ምት ስለሆነ የዘይት ጋን የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፤ ኮሎውን፣ ኩሽኔታውንና ፒስቶኑን በመንገዱ አለስልሶ ወደ ላይ ይወጣና ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ስለዚህ ከዚህ ዘይት የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፦ ማለስለስ፣ ከዚያም ሳያቆሽሽ ተቃጥሎ መሄድ።

ችግሩም የሚመጣው ከሁለተኛው ነው። ማንኛውም የሞተር ዘይት ዘይት ብቻ አይደለም፤ ተጨማሪ ቅመሞች ይገቡበታል። በመኪና ዘይት ውስጥ ካሉት መካከል ዚንክና ፎስፎረስ ያለበት ከመበላት የሚከላከለው ቅመም፣ እንዲሁም ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም ያለባቸው አጣቢ ቅመሞች ይገኛሉ። እነዚህ ለመኪና እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ ከዘይቱ ጋር ይዞራሉ እንጂ አይቃጠሉምና። በባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ይቃጠላሉ። እንጨት በምድጃ ሲነድ ጭሱ ወጥቶ አመዱ እንደሚቀር ሁሉ፣ የእነዚህም ማዕድን በፒስቶኑ ራስ፣ በካንዴላውና በጭስ መውጫው ላይ አመድ ሆኖ ይጋገራል። በካንዴላው ጫፍ መካከል ሲሞላ ሞተሩ አልነሳ ይላል። የጋለ ፍም ሆኖ ሲቀር ደግሞ ቤንዚኑን ያለ ጊዜው እያቀጣጠለ ፒስቶኑን እስከ መብሳት ይደርሳል። የናፍጣ መኪና ዘይት አጣቢ ቅመም ስለሚበዛበት ከሁሉ ይብሳል። ከመኪና ተቀድቶ የወጣውን የተቃጠለ ዘይት የሚጨምሩም አሉ፤ ስለዚያ ብዙ መናገር አያስፈልግም።

ለባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራው ዘይት ቅመሙ የተለየ ነው። ቆሻሻውን በትኖ የሚይዘው ቅመም አመድ የማይተው ዓይነት ነው፤ ጭስ የሚቀንስ፣ ዝገት የሚከላከልና ከቤንዚን ጋር ቶሎ እንዲዋሃድ የሚያቀጥን ነገርም ይገባበታል። ቀዩ፣ ሰማያዊው ወይም አረንጓዴው ቀለም ግን ቤንዚኑ የተቀላቀለ መሆኑን ለማሳወቅ የሚጨመር እንጂ የጥራት ምልክት አይደለም። «ቀዩ ይሻላል» የሚለውን የሱቅ ምክር አትስሙ።

መታየት ያለበት በቆርቆሮው ላይ ያለው የደረጃ ምልክት ነው። ጃሶ የተባለው የጃፓን ደረጃ ኤፍ ቢ፣ ኤፍ ሲ እና ኤፍ ዲ እያለ ይመድባል፤ ኤፍ ሲ ጭሱ ያነሰ፣ ኤፍ ዲ ደግሞ በሚግል ሞተር ላይ የበለጠ ንጽሕና የሚጠብቅ ነው። በሦስቱም አመዱ ከ0.25 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። እኛ ለመርጫና ለሞተር መጋዝ ኤፍ ሲን ወይም ኤፍ ዲን እንመርጣለን። ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል የተጻፈበት ዘይት ለባለ ሁለት ምት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በሐይቅ ላይ በውኃ እየቀዘቀዘ ለሚሠራ የጀልባ ሞተር የታሰበ ነው። በነፋስ ብቻ ለሚቀዘቅዘውና እጅግ ለሚግለው መርጫ አይስማማም።

መጠኑን በተመለከተ የመሣሪያው መጽሐፍ የሚለው ይፈጸም። 25 ለ1 ቢል ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 50 ለ1 ቢል 20 ሚሊ ሊትር ነው። መጽሐፉ ከጠፋና የሚጠየቅ ሰው ከሌለ ወደ 25 ለ1 ማድላት ይሻላል፤ የጠቆረ ካንዴላ ይጸዳል፣ የተቧጨረ ሲሊንደር ግን አይመለስም። ከዚያ በላይ መጨመር ግን ጥንቃቄ አይባልም፤ ዘይት ሲበዛ በእያንዳንዱ ምት የሚደርሰው ቤንዚን ስለሚያንስ ሞተሩ እንዲያውም ሊግል ይችላል።

በልማት ሠራተኞች እጅ ብዙ የታየው ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ባለ ሁለት ምት ቢሆንም፣ ዘይቱ በተለየ ማጠራቀሚያ ተቀምጦ ሞተሩ ራሱ እየመጠነ ይወስዳል። ይህን የለመደ ሰው መርጫውንም ንጹሕ ቤንዚን ቢሞላው አይደንቅም። አንድ ጊዜ እንዲህ ሆኖ የመጣልን አዲስ መርጫ ገና በመጀመሪያው ቀን ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሠራተኛውን ስንጠይቀው፣ ዘይት እንደሚቀላቀል የነገረው ሰው አልነበረም፤ መጽሐፉም በውጭ አገር ቋንቋ የተጻፈ ነበር።

ስለሆነም የሞተር መርጫ ለሚገዙ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የምንለው ይህ ነው። በግዢ ዝርዝሩ ላይ ለአንድ የርጭት ወቅት የሚበቃ፣ ደረጃው የተጻፈ ዘይት ይግባ። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያም አብሮ ይምጣ፤ በጠርሙስ ክዳን የሚለካ ዘይት እንደ ክዳኑ ይለያያል። ለመቀላቀያ የሚሆን ንጹሕ ጄሪካን ይለይና መጠኑ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በቀለም ይጻፍበት። ሲቀላቀል ግማሹ ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ ቀሪው ቤንዚን ገብቶ በደንብ ይናጥ፤ ከአንድ ወር በላይም አይቀመጥ። ርጭቱ ሲያበቃ የቤንዚኑ ማጠራቀሚያ ይገልበጥና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ድረስ ይሥራ። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረ ቤንዚን እየተነነ ዘይቱ ብቻ ሲደርቅ ቀጭኗን ቀዳዳ ይደፍናታል፤ በሚቀጥለው ዓመትም መርጫው አልነሳ የሚለው በዚህ ነው።