ጨዋታውን ሸጣችሁ ቁልፉን አትቅበሩት

አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ ሊኑክስ ላይ አልነሳ ሲል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ሊኑክስ ላይ ነው። ጥፋቱ ግን የሻጩ ነው።

ሎኪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ተቋቁሞ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን ለሊኑክስ እያዘጋጀ ይሸጥ ነበር። በ2002 መጀመሪያ ተዘጋ። ከጨዋታዎቹ መካከል ምንጭ ኮዳቸው ተቆልፎ የቀረውን የሚያድስ የለም። በገንዘቡ የገዛ ሰው ዛሬ እነሱን ለማስነሳት የዚያን ዘመን ላይብረሪዎች ሲለቃቅም ይውላል። እዚያው ይሠራ የነበረው ሳም ላንቲንጋ የጀመረው ኤስዲኤል ግን ኮዱ ክፍት ስለነበር ኩባንያው ሞቶም እሱ ቀጥሏል።

«ኮዱን ከለቀቅን ገበያችን ይሞታል» ይላሉ። ኢድ ሶፍትዌር በ1997 የዱምን ኮድ ሲለቅ ካርታውን፣ ሥዕሉንና ድምፁን አልለቀቀም። ጨዋታው ዛሬም ይሸጣል።

«የሌላ ሰው ንብረት አለበት» ይላሉ። ዱምም ነበረበት፤ የዶስ ቅጂው የድምፅ ላይብረሪ የሌላ ወገን ነበር። ኩባንያው እሱን ትቶ የሊኑክሱን ኮድ ለቀቀ፤ የጎደለውን በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ሞሉት። በ1993 የወጣ ጨዋታ ዛሬ አዲስ ሊኑክስ ላይ ያለ ዋይን፣ ያለ ኢሙሌተር በቀጥታ ይሠራል።

ስለዚህ ሰበቡ አልቋል። ድጋፍ ያቋረጠ ኩባንያ ወይ ይጠግን፣ ወይ ኮዱን ይልቀቅ። ገንዘብ ተቀብሎ «አልሸጥም፣ አልጠግንም፣ አላስጠግንም» ማለት ንግድ አይደለም፤ የሰው ንብረት ማገት ነው።