የመስመር ሥዕልና ኮምፒዩተር

ሰው አሳቡን በፊደል መጻፍ ከመጀመሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በመስመር ይገልጽ ነበር። በዋሻ ግድግዳ ላይ የተሣሉት የከብት መንጋዎች፣ በእንስራ አንገት ላይ የተጫሩት ጭረቶች፣ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የተጠላለፉት ሐረጎች ሁሉ የመስመር ሥራዎች ናቸው። በእኛ ዘመን ደግሞ ለመስመር አዲስ ገበታ ተገኝቶለታል፤ እርሱም ኮምፒዩተር ነው። ይህ አዲስ ገበታ በትምህርት ቤቶቻችን ምን ዐይነት ቦታ ሊኖረው ይገባል? አንዳንዶች «ከእንግዲህ ሥዕል መማር አያስፈልግም፤ መሣሪያው ራሱ ይሥላል» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «እጅን የሚያሰንፍ ነገር ነውና ከሥዕል ክፍል ይራቅ» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ዘንግተዋል። ኮምፒዩተር የተሰጠውን መስመር በታማኝነት ይጠብቃል፤ የትኛው መስመር መሠመር እንዳለበት ግን አይመርጥም። መምረጥን መማር ያለበት ተማሪው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ለሚኖር ተማሪ ደግሞ ይህን የሚማርበት መልካም አርአያ ከቤቱም ከገበያውም አይጠፋም።

ይህን አሳብ ለማስረዳት በመጀመሪያ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥዕል ሁለት ዐይነት መሆኑን መግለጽ ያስፈልጋል። በደሴ ፒያሳ ወይም በኮምቦልቻ ዋና መንገድ የሚያልፍ ሰው ዐይኑ በብዙ ሰሌዳና ባነር ላይ ያርፋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ጥርት ያሉ ሲሆኑ አንዳንዶቹ ግን ቀረብ ተብለው ሲታዩ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ የተሸረከተ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከአታሚው ትጋት ወይም ከቀለሙ ጥራት ብቻ አይደለም። አንደኛው ዐይነት ሥዕል ልክ እንደ ፎቶግራፍ ፒክስል በሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሞላ ነው። ወርዱ 1000 ነጥብ፣ ቁመቱም 1000 ነጥብ የሆነ ሥዕል በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ነጥቦች አሉት። ይህ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሥዕሉ ወርዱ 2 ሜትር በሆነ ባነር ላይ ቢታተም እያንዳንዱ ነጥብ የ2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያገኛልና በስልክ ላይ ክብ የነበረው የትምህርት ቤት ዓርማ በባነሩ ላይ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛው ዐይነት ቬክተር ይባላል። በዚህኛው ሥዕል ውስጥ የተቀመጠው ቀለም የተቀባ ነጥብ ሳይሆን የመስመሩ ሕግ ነው፤ ማለትም መስመሩ ከየት ተነሥቶ፣ በየት በኩል ጎብጦ፣ የት እንደሚደርስ፣ ውፍረቱና ቀለሙም ምን እንደሆነ በቁጥር ተጽፏል። ሥዕሉ ቢያድግ ወይም ቢያንስ ኮምፒዩተሩ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ መስመሩን እንደ አዲስ ያሠምረዋል። ስለዚህ በሸሚዝ ደረት ላይ የሚያርፈው ዓርማና በሕንፃ ግንባር ላይ የሚሰቀለው ዓርማ እኩል ጥርት ያሉ ይሆናሉ።

ጎባጣ መስመር በቁጥር የሚገለጽበትን ይህን ዘዴ ያስገኙት ሠዓሊዎች ሳይሆኑ የመኪና ፋብሪካ ሰዎች መሆናቸው ሊያስገርም ይችላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ፖል ደ ካስተልዦ በሲትሮኤን፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ በሬኖ ፋብሪካ የመኪናን ጎባጣ አካል በትክክል ለመንደፍ ሲደክሙ የደረሱበት ስሌት ዛሬ በቬክተር የሥዕል ፕሮግራሞች ይሠራበታል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ሠዓሊው ሁለት ነጥቦችን ያስቀምጣል። ከእያንዳንዱ ነጥብ አንድ እጀታ ይወጣል። መስመሩ እጀታው ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ ይጎብጣል፤ እጀታው በረዘመ መጠንም በዚያው አቅጣጫ ርቆ ይሄዳል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ በኩል የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጦሳ ተራራ ሥር ተነሥቶ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ይህን መንገድ ከካርታ ላይ አይቶ ለመሣል የሚቀመጥ ጀማሪ በየአሥር እርምጃው ነጥብ ያስቀምጣል። ውጤቱም የሚንቀጠቀጥ እጅ የሣለው ይመስላል። ልምድ ያለው ሰው ግን ነጥቡን የሚያስቀምጠው መንገዱ አቅጣጫውን በሚለውጥበት ቦታ ብቻ ነው፤ የቀረውን እጀታው ይሸከመዋል። እዚህ ላይ መሣሪያው ያዋጣው ነገር የለም። መታጠፊያው የት እንደሆነ ያየው ዐይን ነው።

ተማሪዎች በየዕለቱ በስልካቸው የሚያነቡት የአማርኛ ፊደልም በዚሁ መንገድ የተሣለ ነው። የ«ቀ» ክብ ምን ያህል ይለጠጥ፣ የ«ጠ» እግሮች ምን ያህል ይወፍሩ ብሎ ነጥብና እጀታ እያስቀመጠ የወሰነ ሰው አለ። ስናነብ ሥዕል እያየን መሆናችንን የምናስበው ጥቂቶች ነን።

«መሣሪያው ራሱ ይሥላል» የሚሉት ወገኖች ግን አንድ መከራከሪያ ያቀርባሉ። ይኸውም በፕሮግራሞቹ ውስጥ ፎቶግራፍን በአንድ ትእዛዝ ወደ መስመር የሚለውጥ መሣሪያ አለ፤ ከዚያም አልፎ ዛሬ በቃል ሲታዘዝ ሥዕል የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል የሚል ነው። መኖሩ እውነት ነው። ይሁንና አንድ ተማሪ መሶብ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይህን ትእዛዝ ይስጥና ውጤቱን ይመልከት። መሣሪያው ጠቆር ያለውን ከነጣ ያለው ይለያል እንጂ ጥላን ከስፌት፣ ቀለምን ከእድፍ፣ የመሶቡን ጠርዝ ከጀርባው ካለው መጋረጃ አይለይም። ስለዚህ በመቶ የሚቆጠሩ ቁርጥራጭ ቅርጾችን ደርድሮ ይሰጣል፤ እነርሱን ማጽዳት እንደ አዲስ ከመሣል የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በቃል የሚታዘዘውም ፕሮግራም መሶብ የሚመስል ነገር ያመጣል። ስፌት የምታውቅ እናት ብታየው ግን ዙሩ ከየት ጀምሮ የት እንዳለቀ በጣቷ ተከትላ ለማሳየት ትቸገራለች። በመስመር ሥዕል ከሚሠመረው የሚተወው ይበዛል፤ ምን እንደሚተው የሚያውቀው ደግሞ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ያየ ሰው ነው።

በእርግጥም እያንዳንዱ የእጅ ሥራ የራሱ የመስመር ጠባይ አለው። ጥለት የሚሠራው በድርና በማግ ነው። ድሩ በቁመት፣ ማጉ በወርድ ስለሚሄድ በጥለት ላይ ሰያፍ መስመር የሚመስለው ነገር ሁሉ በእውነቱ የጥቃቅን ደረጃዎች ድርድር ነው። ስለሆነም ጥለትን በለሰለሰ ጎባጣ መስመር የሚሥል ሰው ያማረ ነገር ሥሎ ይሆናል እንጂ ጥለት አልሣለም። ጥልፍ ግን መርፌው በፈለገው አቅጣጫ ስለሚሄድ ሊጎብጥና ሊጠማዘዝ ይችላል። ስፌት ከሁለቱም ይለያል። ሰፊዋ ከመካከል ጀምራ ስንደዶውን እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እያዞረች በአክርማ ስለምትጠመጥመው ጌጡ ከመካከል ወደ ጠርዝ በሄደ ቁጥር እየሰፋ ይመጣል።

ስምንት ጮራ ያለውን የመሶብ ክዳን በኮምፒዩተር ለመሣል አንዱን ጮራ ብቻ ሠርቶ በመካከለኛው ነጥብ ዙሪያ በ45 በ45 ዲግሪ እያዞሩ መድገም ይቻላል። ተማሪው ይህን ሲያደርግ ጂኦሜትሪ መማሩን ልብ ላይለው ይችላል። ነገር ግን ከሰፊዋ እጅ የወጣው ስምንተኛው ጮራ ከመጀመሪያው ጋር ፈጽሞ እኩል አይደለም፤ ጥቂት ይጠባል ወይም ጥቂት ይሰፋል። ይህ ልዩነት ይስተካከል ወይስ ይተው? ለፋብሪካ የሚሆን ንድፍ ከሆነ ይስተካከል። የሰፊዋን ሥራ ለማስታወስ የሚሣል ከሆነ ግን ማስተካከሉ ሐሰት ነው ባይ ነኝ። ኮምፒዩተሩ ሁለቱንም በእኩል ፈቃደኝነት ይሠራል፤ ለዚህም ነው ጥያቄው ለተማሪው መቅረብ ያለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ተማሪውን የሚፈትነው የብራና ሐረግ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተጻፈ የአራቱ ወንጌል ብራና አለው፤ ይህም ዘመናቸው ከሚታወቅ ባለሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናት የአገራችን ጸሐፍት በመጻሕፍት ራስጌና ዳር የተጠላለፈ ጌጥ መሣልን እጅግ አዳበሩት። ይህ ጌጥ ሐረግ ይባላል። በሰዋስው ትምህርት ሐረግን ላጠኑ ተማሪዎች ስሙ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ በዛፍ ላይ የሚጠመጠመውም ተክል ስሙ ይኸው ነው። በብራናው ላይ አንዱ ገመድ በሌላው ላይ ያልፋል፤ ቀጥሎ በሥሩ ይገባል፤ እንደገናም ወደ ላይ ይወጣል። በኮምፒዩተር ላይ ግን አንድ መስመር ከሌላው በሙሉ ከላይ ወይም በሙሉ ከታች ነው። ስለዚህ ሐረግ የሚሥል ተማሪ ገመዱን በየመገናኛው መቁረጥ፣ የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚያልፍ ከብራናው ሥዕል እየቆጠረ መወሰን ይኖርበታል። የጥንቱ ጸሐፊ በመቃ ብዕር ያለ ጭንቅ ያለፈበትን ቦታ ተማሪው ሦስት ጊዜ ተሳስቶ ያልፈዋል። ሲያልፈው ግን የጸሐፊውን አሳብ ተከትሎ ሄዷል፤ ፎቶግራፍ በማንሣት ይህ አይገኝም።

«እጅን ያሰንፋል» የሚሉት ሰዎች ስጋት ከመጀመሪያዎቹ አሳብ ይልቅ ክብደት አለው። በመምህርነት በሠራሁበት ዘመን እንደታዘብኩት እርሳስ ሳይለምድ ማውዝ የያዘ ተማሪ በፕሮግራሙ ውስጥ ተዘጋጅተው ከሚጠብቁት ኮከቦች፣ ልቦችና ቀስቶች አልፎ ለመሄድ ይቸገራል። ለዚህ መፍትሔው ግን ኮምፒዩተሩን ማራቅ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። ተማሪው ዕቃውን በዐይኑ አይቶ በእርሳስ ይሣል፤ ያልተደሰተበትን ይደምስስ፤ ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በስልክ አንሥቶ በፕሮግራሙ ውስጥ ከሥር ያስቀምጥና በላዩ ላይ በነጥብና በእጀታ ያሠምር።

«ኮምፒዩተሩስ ከየት ይመጣል?» የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። አንድ ክፍል ለሁለትና ለሦስት ኮምፒዩተር የሚሰለፍበት፣ መብራትም የሚቋረጥበት ትምህርት ቤት ጥቂት አይደለም። ሆኖም የትምህርቱ አብዛኛው ክፍል መሣሪያውን አይጠብቅም። መምህሩ በባለካሬ ወረቀት ላይ ነጥብና እጀታ አስቀምጦ ጎባጣውን በእጅ ማሠመርን ሊያስተምር ይችላል። እንዲያውም ነጥብ በወረቀት ላይ ሲቀመጥ በቀላሉ ስለማይነሣ ተማሪው ከማስቀመጡ በፊት ያስባል። ፕሮግራሙን በተመለከተ ኢንክስኬፕ የተባለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 የተጀመረው የቬክተር ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ሲሆን አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በሙያተኞች ዘንድ ይበልጥ የታወቁት ኮሬል ድሮውና አዶቤ ኢሉስትሬተር በክፍያ የሚገኙ ናቸው። የእነርሱን የተሰረቀ ቅጂ ለተማሪ እያደሉ ስለ ፈጠራ ባለመብትነት ማስተማር አይመችም።

ከመማር በኋላ የሚመጣው ሥራም ሩቅ አይደለም። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለባት ከተማ ናት። ዘመናዊው የልብስ መቁረጫ፣ የጥልፍ ማሽንና የስቲከር መቁረጫ የሚመሩት በመስመር ነው። ያን መስመር የሚሥል ሰው ከሌለ ማሽኑ ከሌላ አገር የመጣ ዝግጁ አበባና ዝግጁ ቅጠል ሲጠልፍ ይውላል፤ የወሎ ጥለትና ስፌትም በአገሩ በቆመው ማሽን ውስጥ ቦታ ያጣል።

ሌላም የሚያስቸኩል ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። የጠፋውን ዕቃ ሥዕል አይመልሰውም። ይሁንና ልኩና ጌጡ በጥንቃቄ ተሥሎ በብዙ እጅ የተቀመጠ ዕቃ ምን እንደነበረ ቢያንስ በትክክል መናገር ይቻላል። በየቤቱ ያለው መሶብ፣ ሌማትና የጥልፍ ቀሚስ ደግሞ በሙዚየም መዝገብ ላይ እንኳ አልሰፈረም። በአንድ ክፍል ያሉ 50 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ወይም ከጎረቤታቸው አንድ ዕቃ ቢሥሉ በአንድ ዓመት 50 ንድፎች ይሰበሰባሉ። የመስመር ሥዕል ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ በመሆኑ ሁሉም በአንድ ፍላሽ ዲስክ ላይ ገብተው ለየትምህርት ቤቱ ሊባዙ ይችላሉ።

በዚህ ጊዜ መምህሩ ሳይዘነጋ ሊያስፈጽመው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ንድፉ የተማሪው ብቻ አይደለም። ኤስ ቪ ጂ በመባል የሚታወቀው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 በይፋ የወጣው የቬክተር ፋይል ዐይነት በጽሑፍ መክፈቻ ሲከፈት ፊደልና ቁጥር ሆኖ ይታያል፤ በውስጡም ከሥዕሉ ጋር የማይለያይ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ተማሪው መሶቡን ከመሣሉ በፊት ሰፊዋን ያስፈቅዳት፤ ከፈቀደችም ስሟን፣ የሰፋችበትን አገርና ዓመቱን፣ ጌጡንም እርሷ በምትጠራበት ስም ጠርቶ ከመስመሮቹ በላይ ባለው ቦታ በአማርኛ ይጻፍ።